ፊትን ጥላሸት መቀባት የሚያሰቅልበት ዘመን

በእንግሊዝ አገር ከ1723 ጀምሮ የሌላ ሰው የእህል ክምር ያቃጠለ ይሰቀል ነበር። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓሣ ኩሬ ግድብ ያፈረሰም ይሰቀላል። በሰው ጓሮ የተተከለ ዛፍ የቆረጠ፣ በቂም ተነሥቶ የሰው ከብት የገደለ ወይም ያሰናከለ፣ ስሙን ደብቆ በጻፈው ደብዳቤ ገንዘብ ወይም የአጋዘን ሥጋ አምጡ ያለ፣ የሁሉም ፍርድ አንድ ነው። የዝርዝሩ ራስ ግን ሌላ ነው። መሣሪያ ታጥቆ፣ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ ወይም በሌላ ዘዴ መልኩን ለውጦ፣ አጋዘን በሚጠበቅበት ደን፣ ጥንቸል በሚረባበት መስክ፣ በአውራ ጎዳና ወይም በወል ግጦሽ ላይ የታየ ሰው መታየቱ ብቻ ለገመድ ያበቃው ነበር። አንድ ጥይት ባይተኩስም፣ አንድ አጋዘን ባይነካም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጎጃም የገጠር ወረዳዎች ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመሩት መዝገቦች በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ አንዱ ነፍስ ግድያ፣ ሌላው ወደ ነፍስ ግድያ እያመራ ያለ የንብረት ጉዳት። ክምር ማቃጠል፣ የበሬ ቋንጃ መቁረጥ፣ የደረሰ ባሕር ዛፍ በሌሊት መጨፍጨፍ። ባላገር እነዚህን በብር አይተምናቸውም። ቋንጃው የተቆረጠ በሬ ደጅ ላይ ወድቆ ያደረበት ሰው፣ ተረኛው ራሱ እንደሆነ የተነገረው ያህል ነው የሚሰማው። ስለዚህ የ1723ቱን ሕግ ታሪክ ሳነብ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አልታየኝም። ሕጉን ያወጡት ጌቶች የፈሩት ነገር ይገባኛል። የሄዱበት መንገድ ነው የማይዋጥልኝ።

እንግሊዞች ሕጉን «ብላክ አክት» ይሉታል። እኔ የጥላሸቱ ሕግ እለዋለሁ።

ነገሩ የተነሣው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከለንደን በስተ ምዕራብ ያለው የዊንዘር ደን፣ የንጉሥ ደን ነው። ሁለተኛው ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ብሎ የዊንቸስተር ጳጳስ ግዛት ነው። ጳጳሱ በፋርነም ግንብና የታጠረ የአጋዘን መስክ፣ በቢሾፕስ ዋልተም አጠገብ ደግሞ ዋልተም ቼዝ የሚባል የአደን ሜዳ ነበራቸው። ደን ሲባል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ሕግ ደን ማለት ለጌታ አደን የተከለለ አገር ነው፤ በውስጡ መንደር አለ፣ እርሻ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ገበሬው መሬቱ የገዛ ርስቱ ቢሆን እንኳ አጋዘን ገብቶ ስንዴውን ሲያወድምበት ሊገድለው አይችልም። በቆየው የደን ሕግ አጥሩ እንኳ እናት አጋዘን ከነግልገሏ ልትዘለው ከምትችለው በላይ ከፍ ማለት የለበትም። አጥር የሚሠራው ለምን እንደሆነ ሕግ አውጪው ረስቶት ይሆናል እንዳልል፣ አልረሳም፤ ያስታወሰው የአጋዘኗን ጉዳይ ነው።

በምትኩ የደኑ ነዋሪ የቆዩ መብቶች ነበሩት። የደረቀ እንጨት ይለቅማል፣ ለማገዶ የሚሆን ሣር ያለበት አፈር ይቆርጣል፣ ከብቱን ያሰማራል። የደኑ ጠባቂዎች ላላ ባሉበት ዘመን ሁለቱም ወገኖች ተቻችለው ይኖሩ ነበር። በ1714 ከሃኖቨር መጥቶ የነገሠው ቀዳማዊ ጆርጅ ዊንዘር ላይ ማደን ይወድ ስለነበር የተዘነጋው የደን ሕግ እንደገና ይጠብቅ ጀመር። ከዚያ የ1720ው የሳውዝ ሲ ኩባንያ የአክሲዮን ቀውስ መጣና ብዙ ሰው ሀብቱ በአንድ ወቅት ተነነ። በዚያው ሰሞን በፖለቲካና በአክሲዮን የከበሩ አዳዲስ ጌቶች ደግሞ በደኑ ዙሪያ መሬት እየገዙ ያጥሩ፣ ኩሬ ያስቆፍሩ፣ አጋዘን ያረቡ ነበር። ጎረቤቱ በአንድ ወር የደኸየ ሰው፣ አዲስ የመጣው ጌታ አጋዘን ጎመኑን ሲግጥበት ምን እንደሚሰማው ለመገመት እንግሊዛዊ መሆን አያስፈልግም።

በኦክቶበር 1721፣ 16 ሰዎች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው ፋርነም የጳጳሱ መስክ ውስጥ ገቡ። ሦስት አጋዘን ወሰዱ፣ ሁለት ገድለው ጣሉ። ከመካከላቸው አራቱ ተያዙ። ሁለቱ ማስረጃ ታጥቶባቸው ተለቀቁ፤ ሁለቱ አንገታቸውና እጃቸው በእንጨት ተቀርቅሮ አደባባይ ላይ እንዲቆሙና ከዚያም አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው። የቀሩት ጓደኞቻቸው ፍርዱን በዝምታ አልተቀበሉም። ተመልሰው ያንኑ መስክ ወረሩት፤ በዚህኛው ጊዜ 11 አጋዘን ወሰዱ፣ ከዚያ የበዛ ገድለው እዚያው ትተው ሄዱ።

እንደ ዐቃቤ ሕግ ይህችን ዝርዝር ሳያት ዓይኔ የሚያርፈው በተወሰዱት ላይ አይደለም። ለሥጋ የመጣ ሰው ገድሎ ጥሎ አይሄድም፤ ሥጋው ምሽቱን የሚበላ፣ በማግሥቱ የሚሸጥ ነገር ነው። ተገድሎ የቀረው አጋዘን ለጳጳሱ የተተወ ደብዳቤ ነው። ወንጀሉ ከሌብነት ወደ ሌላ ነገር የተሻገረው እዚህ ላይ ነው።

የእነዚህ የጳጳሱ ግዛት ሰዎች መሪ ራሱን ንጉሥ ጆን ይል ነበር። በ1723 ስለ እነርሱ በታተመች ትንሽ መጽሐፍ እንደተተረከው፣ ይህ ሰው በዋልተም ቼዝ አቅራቢያ ወዳለ መጠጥ ቤት በቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ አሳወቀና በቀጠሮው ተገኘ። 15 ተከታዮቹ አጅበውታል፤ ገሚሶቹ የአጋዘን ቆዳ ካፖርት ለብሰዋል፣ ገሚሶቹ የጠጉር ቆብ ደፍተዋል፣ ሁሉም ፊታቸው ጥላሸት ነው፣ ሁሉም ታጥቀዋል፣ ሁሉም ፈረስ ላይ ናቸው። 300 ያህል ሕዝብ ሊያያቸው ተሰብስቧል። ንጉሥ ጆን ለቀዳማዊ ጆርጅ ታማኝ መሆኑን፣ ሥራው ባለጠጋ ድሀውን እንዳይበድል መጠበቅ እንደሆነ፣ መስኩም ጥንት የተተወው ለከብት ግጦሽ እንጂ ለካህናት አጋዘን ማድለቢያ እንዳልሆነ ተናገረ ይባላል። ድሆች የለቀሙትን እንጨት የቀማ አንድ ባለርስት ዛፎቹ በሌሊት ተቆርጠው፣ ንጉሥ ጆን ይህ የመጀመሪያ ጉብኝቱ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንደደረሰውም ያው ትረካ ያወራል።

በጎጃም ቢሆን ይህን ሰው ሽፍታ እንለው ነበር፤ አዝማሪም ይገጥምለት ነበር። እኔ ግን ብዙ ሽፍቶችን ከሳሽ ሆኜ ስላየሁ እንደዚህ ዓይነት ትረካ ሲቀርብልኝ ግማሹን አምኜ ግማሹን አቆየዋለሁ። ከዛፍ ቆረጣው በኋላ ሰውየው ማስጠንቀቂያውን የጻፈው ለድሀ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ደግሞ ለራሱ ብሎ ይጽፋል። ያም ሆነ ይህ የዋልተም ሰዎች ሲያድኑ የጳጳሱን ጠባቂ ገደሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የአጋዘን ነገር መሆኑ ቀረ።

ለንደን ላይ መንግሥቱን የያዘው ሮበርት ዋልፖል ነው። በ1722 ከዙፋን የተባረረውን የስቱዋርት ቤተ ሰብ ለመመለስ የተጠነሰሰ ሴራ ተደርሶበት የሮቸስተሩ ጳጳስ አተርበሪ ታስረው ነበር። ለዋልፖል ሰዎች በየጫካው ፊቱን አጥቁሮ በፈረስ የሚዞር የታጠቀ ቡድን ማለት አጋዘን አዳኝ ሳይሆን የአመፅ ጭፍራ ዘር ነው። ሕጉ ያለ ብዙ ክርክር በፓርላማ አለፈና ሜይ 27 ቀን 1723 የንጉሡን ፈቃድ አገኘ። በአንድ ሕግ 50 ያህል አዳዲስ የሞት ወንጀሎች ተፈጠሩ።

ከዚያ በፊት ጭምብልን የሚቀጣ ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1485 በሰባተኛው ሄንሪ ዘመን የወጣ ሕግ ፊትን ቀብቶ ወይም ሸፍኖ በሌሊት በደን ማደንን ይቀጣ ነበር። የ1723ቱ አዲስነት በሦስት ነገር ነው። ከዝግጅቱ ጀምሮ እስከ ድርጊቱ ያለውን ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ በአንድ የሞት ገመድ አሠረው። ክሱ ወንጀሉ ከተፈጸመበት አውራጃ ውጭ በየትኛውም አውራጃ እንዲታይ ፈቀደ፤ ለጎረቤቱ ከሚራራ ጁሪ፣ ከአገሬው ተመርጦ ከሚፈርድ ሸንጎ፣ ማምለጫ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ በጠቋሚ መሐላ ስሙ የተነሣ ሰው በንጉሡ ምክር ቤት ትእዛዝ በገበያ ቦታ ተጠርቶ፣ በተቆረጠለት ቀን እጁን ካልሰጠ ክርክር ሳይሰማ እንደተፈረደበት ይቆጠራል። ከጠቋሚው በቀር የመሰከረ የለም፣ ዳኛ ያየው ነገር የለም፣ ሰውየው ግን የሞት ፍርደኛ ነው።

በዲሴምበር 4 ቀን 1723 ሰባት የዋልተም ሰዎች በለንደኑ የስቅላት ቦታ በታይበርን ተሰቀሉ። የተፈረደባቸው ከአገራቸው ርቀው ለንደን ውስጥ ነው። ስለ እነርሱ የተጻፈውን ሳነብ የአመፅ ጭፍራ ፍለጋ ዓይኔ ባከነ። አንዱ 17 ዓመት ገደማ የሆነው የልብስ ሰፊ ተለማማጅ ነው። አንዱ ጫማ ሰፊ፣ አንዱ የፖርትስመዝ መጠጥ ቤት ባለቤት፣ ሁለቱ ጋሪ የሚነዱ ወንድማማቾች። ከሰባቱ ጠባቂውን ተኩሶ ገድሏል የተባለው አንዱ ነው። እርሱን እኔም ብሆን እከሰው ነበር፤ የነፍስ ግድያ ሕግ ደግሞ ከጥንትም አለ። የልብስ ሰፊውን ልጅ ለመስቀል ግን አዲስ ሕግ ያስፈልግ ነበር፣ እርሱም ወጣ።

ሕጉ ሲወጣ ለሦስት ዓመት ብቻ የሚቆይ የድንገተኛ ጊዜ ሕግ ነበር። ሦስት ዓመቱ ሲደርስ ታደሰ፣ ደግሞ ታደሰ፣ በ1758 ቋሚ ተደረገ። ጥላሸት የተቀቡት ሰዎች እኮ በሰባቱ ስቅላትና በሌሎች እስራቶች ወዲያው ተበትነዋል። ለእነርሱ የተሠራው ሕግ ግን ከእነርሱ በኋላ መቶ ዓመት ኖረ፤ የሚይዘውም ሌላ ሌላ ሰው ነበር።

ኤድዋርድ አርኖልድን እንይ። ይህ ሰው በሰሪ አውራጃ የሚኖር፣ አእምሮው የታወከ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነበር። ሎርድ ኦንስሎው በአስማት እንደሚያሠቃየው ያምን ነበርና በ1723 ተኩሶ አቆሰለው። አጋዘን የለም፣ ጭፍራ የለም፣ ጥላሸት የለም። በ1724 የተከሰሰው ግን በጥላሸቱ ሕግ ነው፤ በሰው ላይ መተኮስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረበትና። ዳኛው ትሬሲ ለጁሪው በሰጡት መመሪያ፣ አንድ ሰው በእብደት ነጻ እንዲወጣ ከሕፃን ወይም ከዱር አውሬ ያልተሻለ ማስተዋል ያለው መሆን አለበት አሉ። ይህ የአውሬ ሚዛን በእንግሊዝ ሕግ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል። አርኖልድ ሞት ተፈረደበት። ያዳነው ሕግ ሳይሆን የቆሰለው ሰው ራሱ ነው፤ ኦንስሎው ምሕረት ለመነለትና ቀሪ ዘመኑን፣ 30 ዓመት ያህል፣ በእስር ጨረሰ።

ወይም ቶማስ ሬይኖልድስን። በሄርፎርድሻየር ሌድበሪ በምትባል ከተማ ሰዎች መንገድ ላይ የቆሙ የክፍያ ኬላዎችን አፈረሱ። ይህ በ1735 ነው። ሬይኖልድስ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ታጥቆና መልኩን ለውጦ በአውራ ጎዳና ታይቷል ተብሎ በጥላሸቱ ሕግ ተፈረደበትና በጁላይ 1736 ታይበርን ላይ ተሰቀለ። የጊዜው ጋዜጦች የጻፉት የሚዘገንን ነው። ከገመዱ ወርዶ ሣጥን ውስጥ ተኛ፤ ሣጥኑ ሊዘጋ ሲል ክዳኑን በእጁ ገፋ። ሰቃዩ መልሶ ሊሰቅለው ተነሣ፤ ሕዝቡ ከለከለው። ወደ አንድ ቤት ወሰዱት፣ ብዙ ደም አስታወከው፣ ወይን አጠጡት፣ ሞተ። የፈረሰው የኬላ በር ነው። በ1723 ስለ በር ያሰበ ሰው አልነበረም።

ዳኞቹ ግን ሕጉን ሁልጊዜ አያሰፉትም ነበር። ከብት መግደልን በሚመለከት፣ ክሱ የሚጸናው ቂሙ በከብቱ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ የሆነ እንደሆነ ነው ብለው ቆይተው አጠበቡት። በንዴት የገዛ ጋሪውን የሚጎትት የሰው ፈረስ የመታ ሰው ከገመድ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይህ ነበር። እኔ ይህን ብይን ሳነብ ደስ ይለኛል። የንብረት ጉዳትን ከጠብ ዝግጅት የሚለየው ነገር ምን እንደሆነ የገባቸው ዳኞች ናቸው፤ በሬው የሚቆረጠው በሬው ጠላት ስለሆነ አይደለም።

የሕጉ ሌላ ክፍል ለኛ ሰው ባዕድ አይደለም። አጥፊው ካልታወቀ ካሣውን የሚከፍለው አገሬው ነው። እንግሊዞች «ሀንድረድ» የሚሉት፣ ከአውራጃ ያነሰ የአስተዳደር ክፍል፣ በሕጉ ለተዘረዘረ ጉዳት እስከ 200 ፓውንድ ድረስ ይጠየቅ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ አንድ አጥፊ አስፈርዶ ካቀረበ ግን ነጻ ይወጣል። ሥሩ ሩቅ ነው፤ በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ድንጋጌ ስለ ዝርፊያ ያንኑ ያዝዝ ነበር።

እኛ ጋ ይህ አፈርሳታ ነው፤ በአንዳንድ አገር አውጫጭኝ ይባላል። ክምር ተቃጥሎ፣ ከብት ጠፍቶ፣ ሰው ሞቶ አድራጊው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጣሉ፣ እያንዳንዱ እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። አይቶ ስሙን ለመስጠት የፈራ ሰው ቃሉን በስውር ለሽማግሎቹ ያደርሳል፤ እርሱ «ወፍ» ይባላል። ካልወጣ ሸንጎው አይበተንም፤ በማግሥቱም ይቀመጣል። እህሉ በአውድማ ላይ ያለ፣ ከብቱ ያልተጠጣ ሰው ሜዳ ላይ ስንት ቀን ይቀመጣል? ጨርሶ ካልተገኘ ካሣው ለነዋሪው ይከፋፈላል። በልጅነቴ አዛውንቶች ሲያወሩ እንደምሰማው የሚያማርራቸው ገንዘቡ አልነበረም፤ ወፉ ቂም ያለው እንደሆነስ የሚለው ነበር። ያም ቢሆን አፈርሳታ ሰውን ከሜዳ ወደ ገመድ አይወስድም፤ ጥርጣሬውን ወደ ዳኛ ያደርሳል። የጥላሸቱ ሕግ ጠቋሚ ግን በስሙ አንድ ሰው አስጠርቶ፣ ያ ሰው በፍርሃት ጫካ ከገባ፣ ነገሩን ጨርሶታል።

እኔ የሠራሁበት ሕግ ለዝግጅት ሌላ መልስ አለው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የስዊሱ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቀው፣ በ26ኛው አንቀጹ የመሰናዳት ተግባር በመደበኛው እንደማያስቀጣ ይደነግጋል፤ በራሱ ወንጀል ካልሆነ ወይም ከከባድነቱና ከአደገኛነቱ የተነሣ ሕጉ ለይቶ ካልቀጣው በቀር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህንኑ በዚያው ቁጥር ይዞታል። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ግን ከዚህ ወጣ አለ፤ በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስን ከሽብር ድርጊቶች ውስጥ አስገብቶ፣ ለማቀድና ለመዘጋጀትም ለድርጊቱ የተደነገገውን ያንኑ ቅጣት አዘዘ። በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። አዋጁ ሲወጣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የጥላሸቱን ሕግ አስቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሻይ ቤት ውስጥ የምለው አላጣም ነበር።

ሥራዬን ያከበደው ሕጉ አልነበረም፤ ዝግጅትን በማስረጃ ማሳየት ነው። ጥር ላይ፣ በአንድ ቀበሌ፣ ገና ያልተወቃ የጤፍ ክምር በሌሊት ጋየ። ምስክሩ አንድ ሰው ጠመንጃ አንግቶ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከአውድማው ሲወጣ አይቷል፤ በአካሄዱ ለይቶታል። እኔ ጠመንጃውንና ክንብንቡን ለጠብ የመዘጋጀት ምልክት አድርጌ አቀረብኩ። ተከሳሹ ጠበቃ እንኳ አልነበረውም፤ ራሱ ተነሥቶ ችሎቱን ጠየቀ፦ ጌቶቼ፣ በዚህ አገር በጥር ሌሊት ጋቢ የማይከናነብ ማን ነው? ጠመንጃስ ሳይዝ የሚሄድ ማን አለ? ዳኛው ፈገግ አለ። ሰውየው የተፈረደበት በክንብንቡ አይደለም፤ በክምሩ አጠገብ የተገኘው የኩራዝ ቁራጭ ከቤቱ ኩራዝ ጋር ስለገጠመ ነው። የዊንዘር ደን ውስጥም ከሰል የሚያከስል ሰው ነበር። ያ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፊቱ ምን ይመስላል?

የጥላሸቱን ሕግ ለዓለም ያስተዋወቀው ኢ. ፒ. ቶምሰን የተባለ ታሪክ ጸሐፊ ነው። በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ የደኑን ነዋሪዎች በስም፣ በሙያና በይዞታ እየለቀመ፣ ብዙዎቹ ውንብድና ያሰባሰባቸው ሳይሆኑ የቆየ መብታቸውን የሚከላከሉ እንደነበሩ ተከራከረ። ሌሎች አልተቀበሉትም፤ ተራ የሥጋ ነጋዴዎች ነበሩ ያሉ አሉ፣ በእርግጥም ከስቱዋርት ደጋፊዎች ጋር ግንኙነት ነበራቸው ያሉም አሉ። የኔ ግምት ሁሉም በአንድ ቡድን ውስጥ ይገኙ ነበር የሚል ነው፤ ከሠላሳ ሽፍታ መሐል ሠላሳ ምክንያት ይገኛል። ቶምሰን ግን ሌላ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ማርክሲስት ነበር፤ አንባቢው ሕግ የገዢ መደብ ዱላ ነው ብሎ እንዲደመድም ጠብቆታል። እርሱ በመጨረሻው ምዕራፍ ሥልጣንን የሚገድብ የሕግ የበላይነት ለሰው ልጅ ሁሉ የሚበጅ ነገር ነው ብሎ ጻፈ፤ ገዢዎቹም ራሳቸው ባወጡት ሕግ የሚታሰሩበት ጊዜ አለና። ጓዶቹ ተቆጡት። እኔ በደርግ ጊዜ ሕግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ያችን ምዕራፍ ያነበብኩት ቀስ ብዬ ነው።

ሕጉን ያዳከመው ክብደቱ ራሱ ነው። ለተቆረጠ ዛፍ ሰው ለማሰቀል ማን ይመሰክራል? ባለንብረቶች ከመክሰስ ወደኋላ ይሉ ነበር፣ ጁሪዎች ያዩትን እንዳላዩ ሆነው ነጻ ይለቁ ነበር። የሕግ ሊቁ ብላክስቶን በ1760ዎቹ በአገሩ 160 የሞት ወንጀሎች መኖራቸውን በቁጭት ጽፏል። ሳሙኤል ሮሚሊና ጄምስ ማኪንቶሽ ለዓመታት በፓርላማ ከተሟገቱ በኋላ፣ ሮበርት ፒል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በነበረበት በ1823 አብዛኛው ክፍል ተሻረ። የቀረው በ1827 ተጠርጎ፣ በንብረት ላይ በክፋት የሚደርስ ጉዳት በራሱ የቆመ አንድ ሕግ ተሰጠው።

ከ1823ቱ ሽረት በኋላ 16 ዓመት ሳይሞላ ጥላሸቱ ዌልስ ላይ ብቅ አለ። በሜይ 13 ቀን 1839 ኤፋይልዌን በሚባል ቦታ የሴት ቀሚስ የለበሱ፣ ፊታቸውን ያጠቆሩ ወንዶች አዲስ የተሠራ ኬላ አፈረሱ። መሪያቸውን ርብቃ ይሉታል፤ በኦሪት ዘፍጥረት ርብቃ ስትዳር ዘሯ የጠላቶቿን ደጅ እንዲወርስ ተመርቃ የለ? የምዕራብ ዌልስ ገበሬ አሲዳማ መሬቱን የሚያክመው በኖራ ነው፤ ኖራ ጭኖ ሲመለስ ግን በየጥቂት ማይሉ ኬላ ይጠብቀዋል፣ ቀረጡም አንዳንዴ ከኖራው ዋጋ ይበልጣል። በ1843 ነገሩ ጋለ። በሴፕቴምበር ፖንታርዱላይስ ላይ ፖሊስ አድፍጦ ጆን ሂዩዝ የተባለ ወጣት ገበሬ በቀሚሱ እንዳለ ያዘ፤ 20 ዓመት ግዞት ተፈረደበትና ወደ ታዝማኒያ ተላከ። በዚያው ወር ሄንዲ ላይ ሣራ ዊልያምስ የምትባል አሮጊት የኬላ ጠባቂ በጥይት ተመትታ ሞተች። የአስከሬን መርማሪው ጁሪ የተቀመጠው ከገበሬ ነው፤ ደረቷ ውስጥ በፈሰሰ ደም ሞታለች፣ የደሙ መንሥኤ ግን አልታወቀም ብሎ ፈረደ።

ጭካኔም ፍርሃትም ከ1723ቱ አላነሱም። የለንደን ምላሽ ግን የተለየ ነበር። ወታደርና ፖሊስ ላከ፣ እንደ ሂዩዝ ያሉትን ቀጣ፤ ከዚያ ደግሞ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የገበሬውን ቃል እንዲመዘግብ አደረገ። ሪፖርቱ በ1844 ቀረበ፣ ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ። የደቡብ ዌልስ ኬላዎች ከየባለአደራው እጅ ወጥተው በአውራጃ ቦርዶች ሥር ዋሉ፤ የኖራ ጋሪ ቀረጥም በግማሽ ቀነሰ።